በሰባት አፍ የታሰረ ሐረግ

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ያለው ይቅረብ። ከቀረባችሁ ደግሞ ተቀመጡ። ቆሞ ተረት የሚሰማ ግማሹን ለመንገዱ ይተወዋል።

በድሮ ዘመን፣ እንስሳት በሚነጋገሩበት፣ ሐረግና ጉድጓድ ሲጠየቁ መልስ በሚሰጡበት ጊዜ፣ ሁለት ኮረብታና አንድ ወንዝ ያሉት አገር ነበር። በዚያ አገር ንጉሥ አልነበረም። ነጋሪት አልነበረም። ወህኒ ቤትም አልነበረም። «ታዲያ እንዴት ይኖሩ ነበር?» ትሉኛላችሁ። በሦስት ነገር ይኖሩ ነበር።

አንደኛው ቃል ነው። የተበደለ «በሕግ አምላክ» ካለ፣ በዳዩ ባለበት ይቆማል። እየሮጠ ከሆነ እግሩን ይሰበስባል፤ እየበላ ከሆነ አፉን ይዘጋል።

ሁለተኛው ቁራኛ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሐረግ እግር ለእግር ይታሰሩና ሽማግሌዎቹ እስኪሰበሰቡ ድረስ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። አንዱ ውኃ ሲጠማው ሌላውም ወንዝ ይወርዳል። ከአሥር ጠብ ስድስቱ ፍርድ ፊት ሳይደርስ እዚያው ሐረጉ ላይ ያልቅ ነበር። ከጠላት ጋር ሦስት ቀን ታስሮ ጠላትነቱን ሙሉ አድርጎ የሚያቆይ ብዙ የለም።

ሦስተኛው ጩኸት ነው። ነብር ሲመጣ አስቀድሞ ያየው ይጮኻል፤ የሰማው ሁሉ ይሸሻል። ጦጣ ከዛፍ ላይ ትጮኻለች፣ ሽኮኮ ከድንጋይ ላይ ይጮኻል፣ ጅግራ ከሣር ውስጥ ትጮኻለች። ለማን ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። እንግዲህ ፍርድ አልቀበልም የሚል ከተነሣ አይገርፉትም፣ አያስሩትም፣ ከአገር አያስወጡትም። ዝም ይሉታል። ነብር ወደ እሱ ሲሄድ ያያሉ፤ አይጮኹለትም። የቅጣቱ ስም ዝምታ ነበር። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ዝምታ የተጣለው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱም ጥፋተኞች ሦስተኛው ቀን ሳይመሽ ይቅርታ ብለዋል።

ዝምታ እንደ ዋዛ አይጣልም። ሰባት ቤቶች አሉ፦ የኤሊ፣ የጦጣ፣ የጃርት፣ የድኩላ፣ የሚዳቋ፣ የሽኮኮና የጅግራ። ሰባቱ ሲስማሙ አንድ ሐረግ ይመጣል፤ እያንዳንዱ ቤት በገዛ አፉ አንድ ቋጠሮ ይቋጥርበታል። ከዚያ ሐረጉ ትልቁ የዶቅማ ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ጥፋተኛው ሲታረቅ ሁሉም ይመጣና የየራሱን ቋጠሮ ይፈታል። የሌላውን ቋጠሮ መንካት ክልክል ነው። ሰባቱም ካልተፈቱ ዝምታው እንዳለ ነው።

ቆጣሪያቸው አባ ኤሊ ነበር። አባ ኤሊ ወደዚያ አገር ሲመጣ ዘመድ አልነበረውም፣ ርስት አልነበረውም፣ ጀርባው ላይ ካለችው ጣሪያ በቀር አንዳች አልነበረውም። የወንዙን ሙላት እየቆጠረ፣ የጨረቃዋን መውጣት እየቆጠረ፣ የማን ቃል ስንት ጊዜ እንደታጠፈ እየቆጠረ ለወግ በቃ። ሌሎቹ ሲረሱ እሱ አይረሳም፤ ስለዚህ ይሰሙታል።

በዚያው አገር አዋልዲጌሳ ነበር። ጆሮው እንደ አህያ፣ አፍንጫው እንደ አሳማ፣ ምግቡ ምስጥ፣ ሙያው ቁፋሮ። አንድ በጋ ከቀዩ ኮረብታ ሥር ጉድጓድ ቆፈረ። ርዝመቱ አሥራ ዘጠኝ ክንድ ነበር። ሁለት በር ነበረው፤ የፊቱ ወደ ሣሩ፣ የኋላው ወደ ወንዙ። ከዚያ ምስጡ አለቀበትና ምስጥ ፍለጋ ሄደ። አንድ ክረምት አለፈ፤ አልመጣም። ሁለተኛ ክረምት አለፈ፤ አልመጣም። በሦስተኛው ዓመት፣ በግንቦት፣ መጣ።

መጥቶ በሩ ላይ ቢቆም ከውስጥ ማንኮራፋት ሰማ።

«ቤቴ ውስጥ የሚያንኮራፋው ማነው?» አለ።

«ቤቴ በር ላይ ቆሞ የሚያወራው ማነው?» አለችው ከውስጥ።

እመት ከርከሮ ነበረች። ብቅ ስትል ከሆዷ ሥር ሦስት ግልገሎች አብረው ብቅ አሉ።

«ይህን የቆፈርኩት እኔ ነኝ» አላት።

«ቆፍረህ ሄድክ። እኔ ስመጣ በሩን ይዞ የተቀመጠው ሸረሪት ነበር። ጥያቄ ካለው እሱ ይጠይቅ።»

«አሥራ ዘጠኝ ክንድ፣ በዚህ ጥፍሬ።»

«ሁለት ክረምት፣ በዚህ ትከሻዬ። ጣሪያው ሁለት ጊዜ ሊወርድ ሲል ሁለት ጊዜ ደግፌ አቁሜዋለሁ። ሦስት ልጅ ወልጄበታለሁ። አንተ ምን ወለድክበት?»

አዋልዲጌሳ «በሕግ አምላክ» አለ።

ከርከሮ ሁለት ክራንቻ አላት፤ እያንዳንዱ ስንዝር ይሆናል። የአዋልዲጌሳ ጥርስ ከምስጥ ሌላ የሚጎዳው የለም። ብትፈልግ በአንድ ምት ነገሩን ትጨርሰው ነበር። ነገር ግን ቃሉን ሰማች። ወጣች። እግሯን ዘረጋች።

ሐረግ መጣና አሰራቸው።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው» አለ ሐረጉ እየተጠመዘዘ። «ጠቡ የእናንተ፣ ወገቡ የእኔ።»

በመጀመሪያው ቀን እሷ ወደ ሣር ጎተተች፣ እሱ ወደ ኩይሳ ጎተተ። ሁለቱም ጦማቸውን ዋሉ። በሁለተኛው ቀን ተነጋገሩ፤ ጠዋት ለሣር፣ ማታ ለምስጥ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ግልገሎቹ ለመዱት። ትንሿ ጀርባው ላይ ወጥታ ጆሮውን ሳበችው።

«ጆሮህን ከማን ተዋስከው?»

«ከአህያ።»

«መቼ ትመልሳለህ?»

«ክሱ ሲያልቅ።»

እመት ከርከሮ ፊቷን አዞረች። ስትስቅ እንዳያያት ነው።

በአራተኛው ቀን ሰባቱ ቤቶች ከዶቅማው ሥር ተቀመጡ። ከሳሽ ተናገረ፤ ተከሳሽ ተናገረች። ከዚያ አባ ኤሊ «ጉድጓዱ ይመስክር» አለ።

ጉድጓዱም ከሩቅ፣ ከሆዱ ተናገረ። «የቆፈረኝን ጥፍር አውቀዋለሁ፤ በያንዳንዱ ክንዴ ላይ አለ። የኖረችብኝንም ትከሻ አውቀዋለሁ፤ ያለ እሷ በመጀመሪያው ክረምት እደረመስ ነበር። ከሁለቱ አንዱን ውሸታም በል ካላችሁኝ አልችልም።»

ሰባቱ ተማከሩ። አባ ኤሊ የሚቆጥርባቸውን ጠጠሮች ደረደረ፣ ሰበሰበ፣ እንደገና ደረደረ።

«ባለቤቱ የቆፈረው ነው» አለ። «ግን ክረምት ደጃፋችን ላይ ቆሟል፤ ልጅ ያላትን በዝናብ ማስወጣት ፍርድ አይባልም። እስከ መስከረም የፊቱ በር የእሷ፣ የኋላው በር የእሱ ይሁን። መስከረም ሲጠባ ትለቃለች። ጣሪያውን ስላቆየችለት እሱ ደግሞ ደረቁ ኮረብታ ላይ አሥር ክንድ ይቆፍርላታል። አንዱ የሌላውን በር ከነካ ዝምታ ይጣልበት። ዋስ ጥሩ።»

እሷ ጃርትን ዋስ ጠራች፤ እሱ ድኩላን ጠራ። ሁለቱም «እሺ» አሉ። ሐረጉ ተፈታ። ፍርዱ ጥሩ ነበር። እስከ ዛሬ ባስበው አንዲት ነገር የምቀንስለት፣ አንዲት ነገር የምጨምርለት የለኝም።

ሰኔ በሰላም አለፈ። ሐምሌ ገባ። ወንዙ በየቀኑ አንድ ስንዝር ይጨምር ጀመር።

አንድ ጠዋት አዋልዲጌሳ ከኩይሳ ሲመለስ የኋላው በር የለም። እስከ ጣሪያው በአፈር ተደፍኗል። በፊት በር ዞሮ ገብቶ በውስጥ በኩል ሄዶ ቢያይ፣ ከተደፈነው አፈር አጠገብ የሰኮና ዱካ አለ።

«ዘጋሽብኝ» አላት።

«አልዘጋሁም።»

«ሰኮናሽ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ማለዳ ድምፅ ሰማሁ፤ ምንድነው ብዬ መጣሁ። አፈሩን አየሁ። ተመለስኩ።»

«አንቺ ብቻ ነሽ እዚህ ያለሽው።»

«አንተ ብቻ ነህ የምትጠረጥረኝ» አለችው።

ሰባቱ ቤቶች ተጠሩ። ዝናብ ይዘንብ ስለነበር ሁሉም ለመመለስ ቸኩሏል። ከሁሉም የቸኮለችው እመት ጅግራ ነበረች። ጎጆዋ ከወንዙ ማዶ ነው፤ አሥራ አንድ ዕንቁላል ታቅፋለች። «እባካችሁ ፈጠን በሉ፤ ዕንቁላሌ እየቀዘቀዘ ነው» ትላለች፤ አንድ እግሯን ታነሣለች፣ ሌላውን ታሳርፋለች።

አባ ኤሊ ራሱ ወደ ጉድጓዱ ገብቶ ዱካውን ቆጠረ። ሃያ ሁለት ነው። የማን እንደሆነም አረጋገጠ፤ የከርከሮ ነው። ወጥቶ «ሃያ ሁለት» አለ። አፈሩን ግን አልነካም። ከሰባቱ አፈሩን የነካ የለም።

«እመት ከርከሮ» አላት አባ ኤሊ፣ «አጥፍቻለሁ በይ። አፈሩን ጥረጊ። ነገሩ እዚሁ ያልቃል።»

«አላጠፋሁም።»

«አንድ ቃል ነው የምንለምንሽ።»

«አባ ኤሊ፣ ዛሬ ያላደረግሁትን አደረግሁ ብዬ ብድን፣ ነገ አላደረግሁም ስል ማን ያምነኛል?»

ጃርት ዋሷ ነበር። ሁሉም ወደ እሱ አዩ። እሾሁን አንኮሻኮሸና መሬት መሬት አየ። «ዋስ የሆንኩት ለቃሏ ነው» አለ፤ «ዱካዋ ሌላ ነገር ሲናገር እኔ ምን ልበል?»

ሐረጉ መጣ። አባ ኤሊ ቋጠረ። ጦጣ ቋጠረች። ድኩላ፣ ሚዳቋ፣ ሽኮኮ ቋጠሩ። ጃርት ቆይቶ ቋጠረ። ጅግራ ገና ሳይሰጧት ነጥቃ ቋጠረችና ወንዙን ተሻግራ በረረች።

«ሰባት ሆናችሁ ስትቋጥሩኝ ጤፍ የሚቆላበት ጊዜ እንኳ አልፈጀባችሁም» አለ ሐረጉ። «ስትፈቱኝ አያችኋለሁ።»

እመት ከርከሮ ልጆቿን ይዛ ወደ ፊቱ በሯ ተመለሰች።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሣር የምትግጠው አንድ ጊዜ ነክሳ ሦስት ጊዜ ቀና እያለች ሆነ። ጫካው ጆሮዋ ነበር፤ አሁን የቀራት የራሷ ሁለት ጆሮ ብቻ ነው። ግልገሎቹ ከበሩ ከስምንት እርምጃ በላይ እንዳይርቁ ከለከለቻቸው። ልጆች ናቸው፤ ዘጠነኛውን ይሞክራሉ።

አዋልዲጌሳ በሁለተኛው ቀን የኋላውን በር ሊከፍት ከወንዙ በኩል ቁፋሮ ጀመረ። አንድ ክንድ ቆፈረ። ሁለተኛውን ጀመረና ጥፍሩ ቆመ። ከአፈሩ መካከል የበሰበሰ ቅጠል አገኘ። ትንሽ ቀንድ አውጣም አገኘ።

ቆፋሪ አፈር ያውቃል። በሰኮና የተገፋ አፈር ድብልቅልቅ ያለ ነው። ውኃ ያመጣው ግን ተራውን ይጠብቃል፤ ጠጠሩ ከታች፣ አሸዋው ከመሃል፣ ለስላሳው ከላይ። ይህ ጠጠሩ ከታች፣ አሸዋው ከመሃል፣ ለስላሳው ከላይ ነው። ደለል ነው። በዚያ ማለዳ ወንዙ አንድ ጊዜ ተነሥቶ በሩን ደፍኖ ተመልሷል። እሷ የሰማችው ድምፅ ይኸው ነበር።

አዋልዲጌሳ ካለበት የፊቱ በር አሥራ ሰባት ክንድ ብቻ ይርቀዋል። እሷ እዚያ ናት፤ ሄዶ «ተሳስቻለሁ» ሊላት ይችላል። ነገር ግን አፈረ። «ባዶ አፌን ይዤ ምን ብዬ ፊቷ እቆማለሁ? መጀመሪያ ሐረጉ ይፈታ። ከዚያ የተፈታውን ሐረግ ይዤ እሄዳለሁ» አለ። በኋላ በር ወጥቶ ወደ አባ ኤሊ ሮጠ።

አባ ኤሊ መጥቶ አፈሩን ነካ፤ አሸተተ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልቆጠረም። «ደለል ነው» አለ። ቤቶቹ እንዲጠሩ አዘዘ። እስከ ማታ ስድስቱ መጡ፤ ስድስቱም የየራሳቸውን ፈቱ።

የጅግራ ቋጠሮ ቀረ።

«ስድስቱ ከተፈታ ምን ቀረ?» አለ አዋልዲጌሳ። «አባ ኤሊ፣ ያቺን አንዷን ራስህ ፍታት።»

«የሌላውን ቋጠሮ መንካት ክልክል ነው።»

«ለማን ስትል ነው የምትከለክለው? ከሳሹ እኔ ነኝ፤ ክሴን ትቻለሁ።»

«ልጄ» አለ አባ ኤሊ፣ «ዛሬ ለመልካም ነገር የሌላውን ቋጠሮ ብፈታ፣ ነገ ሌላው ለክፉ ነገር የእኔን ይፈታል። ንጉሥ የለንም። ያለን ይህ ቁጥር ብቻ ነው። ስድስት ሰባት አይሆንም።»

ያለው እውነት ነበር። የሚያንገበግበኝም እውነት መሆኑ ነው።

በማግስቱ አዋልዲጌሳ ወንዙ ዳር ሄደ። ወንዙ ሞልቶ ዛፍ ተሸክሞ ይወርዳል።

«አያ ወንዝ» አለው፣ «ማዶ ላለችው ጅግራ መልእክት አድርስልኝ።»

«እኔ የማውቀው ወደ ታች መሄድ ነው» አለ ወንዙ። «ማዶ የሚሉትን አላውቀውም።»

ስለዚህ አዋልዲጌሳ ራሱ ጮኸ። ድምፁ ትንሽ ነው፤ ሦስት ጊዜ ጮኾ በሦስተኛው ጅግራ ሰማችው። ከማዶ፣ ከዕንቁላሎቿ ላይ ሳትነሣ መለሰች።

«ምንድነው?»

«በሩን የዘጋው ወንዙ ነው። ከርከሮ አይደለችም። መጥተሽ ፍቺ።»

«ወይኔ» አለች ጅግራ። «አንዴ ቀዝቅዘውብኛል፤ አሁን ደግሞ ከተነሣሁ አሥራ አንዱም ይሞቱብኛል፤ ሊፈለፈሉ ሦስት ቀን ነው የቀራቸው። ቃሌን ውሰድ። ፈትቻለሁ በላቸው። ማንም በእኔ ፈንታ ይፍታው።»

አዋልዲጌሳ እየሮጠ ተመለሰ። «ፈትቻለሁ ብላለች፤ ማንም ይፍታው ብላለች» አለ።

«ማን ሰማ?» አለ አባ ኤሊ።

«እኔ።»

«አንተ ከሳሽ ነህ። ከሳሽ ምስክር አይሆንም።»

«የምመሰክረው ለተከሳሿ ነው እኮ።»

«ለማንም ይሁን። ሕጉ ለማን አይልም።»

ድኩላ ብድግ አለ። «እኔ ልሂድና ልስማ። ደርሶ መልስ ፀሐይ አንድ ክንድ አትሄድም» አለ።

አባ ኤሊ ራሱን ነቀነቀ። ሰባቱን የሚቆጥረው እሱ ነው፤ ቆጣሪ ያልሰማውን አይቆጥርም። «እኔው እሄዳለሁ» አለ። ከዶቅማው እስከ ወንዙ ለድኩላ ሁለት መቶ ዝላይ ነው፤ ለኤሊ አንድ ቀን ሙሉ ነው። ዝናብ እየወረደበት ተነሣ። መሄዱ ከልቡ ነበር። በእርጅናው፣ በጭቃ፣ ለአንዲት ከርከሮ ብሎ። ያን ያህል ርቀት በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሄዶ አያውቅም።

ዝናቡ በማግስቱ ጠዋት አባራ። ፀሐይ ወጣች። እመት ከርከሮ ልጆቿን ይዛ ከፊት በር ወጣች፤ ሦስት ቀን ሙሉ በደንብ አልበሉም።

ጦጣ ከዶቅማው ጫፍ ላይ ነበረች። ሣሩ ሲወዛወዝ አየች። ነፋስ አልነበረም። ከዚያ የጅራቱን ጫፍ አየች። ነብር ነው።

አፏን ከፈተች።

ሐረጉ ከአጠገቧ ተንጠልጥሏል። አንድ ቋጠሮ አለበት። የእሷ አይደለም።

«ምን አባቴ ልሁን?» አለችው ጦጣ በሹክሹክታ።

«እኔን አትጠይቂኝ» አለ ሐረጉ። «ራሱን የሚፈታ ሐረግ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ጦጣ አፏን ዘጋች። ሽኮኮ ከድንጋዩ ላይ አየ፤ ወደ ጦጣ ተመለከተ፤ አፏ እንደተዘጋ አየ፤ የራሱንም ዘጋ።

አዋልዲጌሳ ከጓሮ በኩል ይመጣ ነበር። ዓይኑ ደካማ ነው፤ አፍንጫው ግን አይስትም። የነብር ሽታ ሸተተው። ሕጉን ረሳ።

«ነብር ነው» ብሎ ጮኸ። «ግቢ፤ ግቢ።»

እመት ከርከሮ ቀና አለች። የጮኸው ማን እንደሆነ አየች። ያየችው የከሰሳትን ነው። ደለል ማግኘቱን አልሰማችም፤ ስድስቱ መፈታታቸውን አልሰማችም፤ አባ ኤሊ በጭቃ ውስጥ መሆኑን አልሰማችም። የነገራት የለም።

«ዛሬ ደግሞ በነብር መጣህ?» አለችው። «ልጆቼ አንድ ጉርሻ እንኳ ሳይውጡ ከሣሩ ልታስነሣኝ ነው? ቤቱ እንደሆነ መስከረም ላይ ያንተ ነው፤ ምን አስቸኮለህ?»

ይህን ለማለት የፈጀባት ጊዜ ነብር ሰባት እርምጃ የሚራመድበት ነው።

በሰባተኛው እርምጃ አየችው። ወደ በሩ ሮጠች። ትልቁን በአፍንጫዋ ገፍታ አስገባችው፤ አንድ። መካከለኛዋን አስገባች፤ ሁለት። ትንሿን አስገባች፤ ሦስት። ከዚያ ፊቷን ወደ ነብሩ አዙራ በሩ ላይ ቆመች፤ ሁለት ክራንቻ፣ አራት እግር፣ አንድ ነፍስ። ሦስቱ ገቡ። አራተኛዋ አልገባችም።

በዚያው ሰዓት አባ ኤሊ ወንዙ ዳር ደርሷል። ጅግራ ከማዶ «ፈትቻለሁ» አለችው። እንደገና አስባላት። ሦስት ጊዜ አስባላትና ቆጠረ። ደስ አለው። የመልሱን መንገድ ቀንና ሌሊት ሄደ፤ አንድም ጊዜ አላረፈም። ሲደርስ ጦጣ ከዛፉ ወርዳ መሬት ላይ ተቀምጣለች።

«ተፈታ» አላት ገና ከሩቅ። «ሰባተኛው ተፈታ። ሐረጉን አውርጂው።»

«ለማን?» አለችው ጦጣ።

ሰባቱ ቤቶች ተሰበሰቡ። ጅግራ ከሁለት ቀን በኋላ አሥራ አንድ ጫጩት ከማዶ ትታ በርራ መጣች። ሕጉ የሚለው የታወቀ ነው፤ በደል ካለ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሐረግ ይታሰሩ። ግን ማን ከማን ጋር ይታሰር?

«እኔን እሰሩኝ» አለ አዋልዲጌሳ። «በሐሰት የከሰስኩ እኔ ነኝ።»

«እኔን» አለች ጦጣ። «አይቼ ዝም ያልኩ እኔ ነኝ።»

«እኔን» አለ ጃርት። «ዋሷ ነበርኩ።»

አባ ኤሊ አንገቱን ወደ ቅርፊቱ ሊያስገባ ፈልጎ ተወው። «ሃያ ሁለት ዱካ ቆጥሬ አንድ ጭብጥ አፈር አልነካሁም» አለ። «ድኩላን ሂድ ብለው ኖሮ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመለስ ነበር። ሕጉን እየጠበቅሁ መስሎኝ ነበር። የጠበቅሁት ቆጣሪነቴን ነው።»

«ንጉሥ ቢኖረን ኖሮ» አለ ድኩላ፣ «ለመፍታት አንድ ቃል ይበቃን ነበር።»

«ንጉሥ ቢኖረንማ» አለ ጃርት፣ «ለማሰርም አንድ ቃል ይበቃ ነበር።»

ሁለቱም ልክ ናቸው። ከሁለቱ ግን ከርከሮን ያስነሣ የለም። ከሳሽ ጠፍቶ አያውቅም ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ሁሉም ተከሳሽ ሆነና ከሳሽ ጠፋ። የሞተችው ብቻ ነበረች መክሰስ የምትችለው።

ሦስቱን ግልገሎች የእናታቸው እህት መጥታ ወሰደቻቸው። ትንሿ ስትሄድ ወደ አዋልዲጌሳ ዞር አላለችም። መስከረም ሲጠባ እሱ ብቻውን ደረቁ ኮረብታ ላይ ወጣ። አሥር ክንድ ቆፈረ፤ አልጎደለም፣ አልተረፈም። ገብቶ የኖረበት የለም።

ሕጉም ተለወጠ። ከዚያ ወዲያ ዝምታ ለመጣል ሰባት ቋጠሮ ያስፈልጋል፤ ለማንሣት ግን ከሰባቱ አንዱ፣ የማንንም ቢሆን፣ መፍታት ይችላል ተባለ። ዘግይቶ የመጣ መልካም ሕግ ነው። እስካሁንም ይሠራል ይላሉ።

አንድ ነገር ግን አልተመለሰም። ዱሮ ጩኸት ሲሰማ ሁሉም ይሮጥ ነበር። አሁን ጩኸት ሲሰማ፣ ከመሮጡ በፊት፣ እያንዳንዱ ቀና ብሎ የጮኸው ማን እንደሆነ ያያል። ረጅም ጊዜ አይደለም፤ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። ነብር የሚፈልገው ደግሞ ከዚያ አይበልጥም። በየዓመቱ በዚያች ጥቅሻ ስንት እንደሚያልቅ የሚቆጥር ጠፍቷል፤ አባ ኤሊ መቁጠር ትቷል።

ተረቴን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከመንገድ ላይ ግን አትጣሉት። ለማሰር ሰባት አፍ ጥሩ፤ ለመፍታት አንድ አፍ ይብቃችሁ።